ባዶ የተውኩት ወረቀት

ባለፈው ዓመት ግንቦት ላይ ልጄን፣ ምራቴንና ሁለቱን የልጅ ልጆቼን ለማየት አውስትራሊያ፣ አደላይድ ከተማ ሄጄ ነበር። ገና ሻንጣዬን ሳልፈታ ልጄ እጄን ይዞ ወደ ጋራዡ ወሰደኝ። ለልጆቹ የገዛውን ብስክሌት ሊያሳየኝ መስሎኛል። መብራቱን ሲያበራው ግን ያየሁት አንድ ያረጀ ባለ ናፍታ ላንድ ክሩዘር ነው። ፖርቶ መጋላው ላይ አካፋ ታስሯል፣ ግድግዳው ሥር ጄሪካኖች ተደርድረዋል፣ መሬቱ ላይ ስማቸውን የማላውቃቸው ገመዶችና ብረቶች ተዘርግተዋል።

«እማዬ፣ ሐምሌ ላይ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ሲምፕሰን በረሃን እናቋርጣለን። አንቺም አብረሽን ነሽ» አለኝ።

ሳቅሁ። እሱ አልሳቀም። ለዚህ ጉዞ ሦስት ዓመት የማታ ፈረቃ እየሠራ ገንዘብ አጠራቅሟል። ልክ እንደሱ ላንድ ክሩዘር ካለው ጓደኛው ጋር ቀን ቆርጠዋል፣ ፈቃድ ጠይቀዋል፣ ካርታ ገዝተዋል። እኛ ልጅ ስናሳድግ «ተማር፣ ሥራ ያዝ» አልን እንጂ «በረሃ አቋርጥ» ያልን አይመስለኝም። ይሁንና ሰው በባዕድ አገር የሚያስደስተውን አንድ ነገር ካገኘ እናት ምን ትላለች?

ሲምፕሰን በአውስትራሊያ መሃል አገር ያለ በረሃ ነው። አገሬው ያን ሰው የማይበዛበትን የውስጥ አገር ሁሉ «አውትባክ» ይለዋል። ሲምፕሰን ውስጥ ጎን ለጎን የተሰለፉ ከ1,100 በላይ ቀያይ የአሸዋ ክምሮች አሉ፤ መኪና በያንዳንዳቸው ላይ እየወጣ እየወረደ ነው የሚሻገረው። በምዕራብ በኩል ማውንት ዴር ከምትባለው ማረፊያ ተነስቶ በምሥራቅ በርድስቪል እስኪደረስ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ነዳጅ የሚቀዳበት፣ ጎማ የሚለጠፍበት፣ ሻይ የሚጠጣበት ቦታ የለም። በየዓመቱ ከዲሴምበር 1 እስከ ማርች 15፣ ማለትም በእነሱ በጋ፣ ሙቀቱ ለሕይወት ስለሚያሰጋ ፓርኩ ተዘግቶ ይቆያል። ሐምሌ ለእነሱም ክረምት ነው፤ መሃል አገሩ ላይ ግን ክረምታቸው ብዙም ዝናብ የለውም፤ ቀኑ ለስላሳ፣ ሌሊቱ ውሃ እስኪረጋ የሚቀዘቅዝ ነው።

ለእኔ የተሰጠኝ ሥራ የመድኃኒት ሣጥኑ ነበር። «ነርስ እያለችልን ማን ይነካዋል» አለች ምራቴ። ጡረታ ከወጣሁ ጀምሮ እንዲህ ያለ ነገር ሰምቼ አላውቅምና ደስ አለኝ።

ሣጥኑን ስጀምር መጀመሪያ ያጋጠመኝ የእባብ ነገር ነው። እኔ በሠራሁባቸው ጤና ጣቢያዎች በእባብ የተነከሰ ሰው የሚመጣው ከንክሻው በላይ በገመድ ተጠፍሮ፣ በምላጭ ተበጥቶ፣ አንዳንዴም ጥቁር ድንጋይ ተለጥፎበት ነው። ገመዱን እየፈታን ዕድሜያችንን ጨርሰናል። የእኛ አገር እፉኝት መርዙ ሥጋ ይበላል፤ እዚያው ቦታ ላይ አፍኖ መያዝ ጉዳቱን ያብሳል። አውስትራሊያ ግን አደገኞቹ እባቦች ሌላ ዝርያ ናቸው፤ መርዛቸው ነርቭንና የደም መርጋትን ያጠቃል፣ የሚጓዘውም ከቆዳ ሥር ባሉት የሊምፍ ቱቦዎች በኩል ነው። ስለዚህ እዚያ የሚደረገው ሰፊ የሚለጠጥ ፋሻ ወስዶ እጅን ወይም እግርን ከጣት ጀምሮ እስከ ላይ መጠቅለል፣ በእንጨት ደግፎ ማሰር፣ ሰውየውን ከተኛበት አለማንቀሳቀስ ነው። ንክሻው አይታጠብም፤ በቆዳው ላይ የቀረው መርዝ የትኛው እባብ እንደነከሰ ለመለየት ሐኪም ቤት ሊመረመር ይችላል። ይህን በስድሳ አምስት ዓመቴ እንደ አዲስ ተማርኩ። (እባካችሁ ይህን አንብባችሁ እዚህ ለእፉኝት ንክሻ እንዳትሞክሩት፤ እኛ ዘንድ ዋናው ነገር ሰውየውን ሳያስሩ፣ ሳይበጡ፣ ሳያስሮጡ ቶሎ ሕክምና ማድረስ ነው።) በየማታው የሰባት ዓመቷን የልጅ ልጄን እግር እየጠቀለልኩ ተለማመድኩ። «አያቴ ጠበቀኝ» ስትል አላላለሁ፣ ትስቃለች፣ እንደገና እጠቀልላለሁ።

ሁለተኛው ያስደነቀኝ የበራሪ ሐኪሞቹ ነገር ነው። ጆን ፍሊን የሚባሉ የሃይማኖት አገልጋይ ያቋቋሙት የአውሮፕላን የሕክምና አገልግሎት እ.ኤ.አ. ሜይ 17 ቀን 1928 ከክሎንከሪ ከተማ የመጀመሪያ በረራውን አደረገ፤ እስካሁንም አለ። ከከተማ ርቀው ለሚኖሩ ከብት አርቢዎች የመድኃኒት ሣጥን ያስቀምጡላቸዋል። በሣጥኑ ውስጥ ያለው እያንዳንዱ መድኃኒት ቁጥር አለው። በሽተኛው ሲደውል ሐኪሙ የመድኃኒት ስም በመጥራት አይደክምም፤ የዚህን ቁጥር ይህን ያህል ውሰድ ይላል፣ አለቀ። እኔም የራሴን ሣጥን በቁጥር አደረግሁት። ቁጥር 1 ኦ.አር.ኤስ.፣ ቁጥር 2 ፋሻ፣ ቁጥር 3 ፓራሲታሞል፣ እያልኩ እስከ 19። እኔ ራሴ ብታመም የአሥር ዓመቱ ልጅ በስልክ እየሰማ ማቀበል እንዲችል ብዬ ነው። «እኔ ራሴ ብታመም» የሚለውን ስናገር ግን የሌላ ሰው ጉዳይ የማወራ ያህል ነበር።

ከዚያ ምራቴ ወረቀቶቹን አመጣች። የምትሠራው በአረጋውያን መንከባከቢያ ስለሆነ ነገር በጽሑፍ ማድረግ ትወዳለች። ለያንዳንዱ ተጓዥ አንድ ገጽ፦ ስም፣ የትውልድ ቀን፣ የደም ዓይነት፣ ያለበት በሽታ፣ የሚወስደው መድኃኒት፣ የማይስማማው ነገር። የልጄ የፔኒሲሊን አለርጂ ተጻፈ። የትንሿ አስም ከነመንፊያው ተጻፈ። የምራቴ ማይግሬን ተጻፈ። ሁሉንም ሰብስቤ በፕላስቲክ የምከተው እኔ ነበርኩ። የእኔ ገጽ ላይ ስሜንና የደም ዓይነቴን ጻፍኩና የቀረውን «ነገ እሞላዋለሁ» ብዬ ተውኩት።

ውሃው የልጄና የእኔ የጦርነት ሜዳ ነበር። እሱ ለሰው በቀን 7 ሊትር ብሎ አስልቷል፤ ለመጠጥ፣ ለምግብ፣ ለጥርስ መፋቂያ። አምስት ሰው ለስድስት ቀን 210 ሊትር፣ መኪናው ቢበላሽ መጠባበቂያ ደግሞ 70። ይህ 280 ኪሎ ነው። ውሃ እንደ ናፍታ መንገድ ላይ እየተቃጠለ ወዲያው የሚቀል ነገር አይደለም፤ ጣሪያ ላይ ቢጫን ደግሞ መኪናው ላይኛው ከብዶ አሸዋው ላይ ይገለበጣል። ስለዚህ ከታች፣ ወደ መሃል፣ በብዙ ጄሪካን ተከፋፍሎ ነው የሚጫነው። አንዱ ቢቀደድ ሌላው ይተርፋል። እኔ ይጨመር አልኩ፤ እሱ ክብደቱን አሳየኝ። «ከምግቡ ቀንስ» አልኩት። ቋንጣውን በግማሽ አስቀነስኩ፤ ጨው ነው፣ ያስጠማል። በሶም ለመንገድ ነው ይባላል እንጂ ውሃ ይጠጣል። ዳቦ ቆሎውንና ድርቆሹን አጸደቅሁ።

«እማዬ፣ ስለ ውሃ እንዲህ የምትጨነቂው ለምንድን ነው?» አለኝ አንድ ማታ። ለልጆቼ ተናግሬ የማላውቀውን ነገር የነገርኩት ያን ዕለት ነው።

1978 ዓ.ም. ነው፣ ሰኔ። እኔ ገና ዲፕሎማዬን ይዤ ያኔ በወሎ ክፍለ ሀገር ሥር በነበረው አውሳ አውራጃ በአንድ ጤና ጣቢያ ተመድቤያለሁ። ክትባት ለመስጠት አራት ሆነን በላንድ ሮቨር ወጣን፦ ሾፌሩ፣ ሁለት የጤና ረዳቶችና እኔ። ኃላፊዋ እኔ ነኝ። ከመንገዱ ብዙ ከገባን በኋላ ቺንጋው ተበጠሰ። መለዋወጫ ቺንጋ አልያዝንም። ራዲያተሩ ሲፈላ ይዘነው ከነበረው አንድ ጄሪካን ውሃ ከግማሽ በላይ ራዲያተሩ ውስጥ አፈሰስን፤ አሁን ሳስበው እንኳ ያመኛል። ጥቂት ሄድንና ቆምን። ከረፋዱ አምስት ሰዓት ገደማ ከጤና ረዳቶቹ ታናሹ፣ ሃያ ሁለት ዓመት ቢሆነው ነው፣ «ዋናው መንገድ ቅርብ ነው፣ ሄጄ መኪና ላምጣ» አለ። እኔም «ሂድ» አልኩት። አንድ ጠርሙስ ውሃ ይዞ በዚያ ፀሐይ ሄደ።

ሌሎቻችን ከመኪናው ሥር ባለችው ጥላ ተኛን። ማታ ላይ ውሃው አለቀ። የክትባቱን ማቀዝቀዣ ሣጥን ከፈትኩና የበረዶ መያዣዎቹን አወጣሁ፤ ውስጣቸው ያለው ንጹሕ ውሃ ነው። ክትባቱ እንደሚበላሽ፣ ወደፊት የሚጠብቁን እናቶች ልጆቻቸውን እንደያዙ እንደሚመለሱ አውቃለሁ። ጠጣነው። በማግሥቱ ጠዋት የአፋር አርብቶ አደሮች ግመል እየሳቡ መጡ፤ ልጁ ግመሉ ላይ ታስሮ ነበር። ከእኛ ብዙም ሳይርቅ አንዲት ግራር ሥር ወድቆ አገኙት፤ ወተት በጠብታ እያጠጡ አሳደሩት። አሥር ቀን ጤና ጣቢያ ተኝቶ ተነሳ፤ ተረፈ። ከአርብቶ አደሮቹ አንዱ ሽማግሌ በአስተርጓሚ የነገሩኝን አልረሳውም፦ «ሰው ከሩቅ ድንጋይ ይመስላል። መኪና ግን ከሩቅም መኪና ነው። ለምን ትታችሁት ትሄዳላችሁ?»

ልጄ ዝም ብሎ ሰማኝና ካርታውን ዘርግቶ ኤር የሚባለውን ትልቅ የጨው ሐይቅ አሳየኝ። እ.ኤ.አ. በ1998 ዲሴምበር ላይ አንዲት ኦስትሪያዊት ጎብኚና ጓደኛዋ በዚያ ሐይቅ ዳርቻ መኪናቸው አሸዋ ውስጥ ተቀረቀረባቸው። በዚያ የበጋ ሙቀት ወደ ዊልያም ክሪክ በእግር ተነሱ። እሱ አቅቶት ወደ መኪናው ተመለሰ፣ ተረፈ። እሷ ቀጠለች፣ መንገድ ላይ ሞተች። አውስትራሊያ ውስጥ ወደ በረሃ ለሚሄድ ሁሉ ይህ ታሪክ ይነገረዋል። እኔ ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። «ሂድ» ያልኩበት ድምፄ ነው የሚመጣብኝ።

ከዚያ በኋላ መኪናውን በሌላ ዓይን ማየት ጀመርኩ። ቺንጋውን አሳየኝ አልኩት፤ ሁለት መለዋወጫ ይዟል። ስኮርታ ጎማ ሁለት፣ የጎማ መለጠፊያ፣ በመኪናው ባትሪ የሚሠራ የነፋስ መሙያ። የመሙያው ጥቅም መጀመሪያ አልገባኝም ነበር። አሸዋና ጠጠር ላይ ሲገባ ከጎማው ነፋስ ይቀነሳል፤ ጎማው ሰፍቶ መሬቱን ይይዛል፣ በጠጠር ቶሎ አይቀደድም፤ አስፋልት ላይ ሲወጣ መልሶ መሙላት ግድ ነው። አሸዋ ውስጥ የሚቀረቀረው መኪና ብዙ ጊዜ የሚወጣው በጉልበት ሳይሆን ነፋስ በመቀነስ ነው ይላል ልጄ። ክሪኩ አሸዋ ውስጥ እንዳይሰምጥ ከሥሩ የሚደረግ ሳንቃ አለ። የመጎተቻ ገመዱን ደግሞ ተጎታች በሚታሰርበት ኳስ ብረት ላይ ማሰር ክልክል ነው፤ ብረቱ ተገንጥሎ ሰው ገድሏል። ስልክ የሚባል ነገር እዚያ አይሠራም፤ ስለዚህ የሳተላይት ስልክ፣ ለመኪና ለመኪና ሬዲዮ፣ ቁልፉ ሲጫን ያሉበትን ቦታ በሳተላይት ለነፍስ አዳኞች የሚልክ ቢጫ መሣሪያ ይያዛል። ከአሸዋ ክምር ማዶ የሚመጣ መኪና እንዳይጋጭ ደግሞ በረጅም ዘንግ ባንዲራ መስቀል የበረሃው ሕግ ነው። ልጁ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ ካልሆነ ብሎ አኮረፈ፤ ሕጉ ከሩቅ የሚያበራ ቀለም ነው የሚለው።

ሁሉም ተሟላ። የእኔ ወረቀት ብቻ ባዶ ነው።

ምን እንደሚጻፍበት አሳምሬ አውቃለሁ። የደም ግፊት አለብኝ፤ እናላፕሪልና ሃይድሮክሎሮታያዛይድ እወስዳለሁ። ሁለተኛው ሽንት የሚያበዛ ኪኒን ነው። በዚህ ላይ ለጉልበቴ አይቡፕሮፌን እውጣለሁ፤ ይህን ማንም አላዘዘልኝም፣ ራሴ ለራሴ ያዘዝኩት ነው። ባለፈው ዐቢይ ጾም ቤተ ክርስቲያን ቆሜ ዓይኔ ጨልሞብኝ ግድግዳ ይዤ ነበር። ለማንም አልተናገርኩም። ሰላሳ ዓመት ሙሉ «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» እያልኩ ሰው የተቆጣሁ ሴትዮ ነኝ። ግን ብናገር እንደሚያስቀሩኝ፣ ወይም በእኔ ምክንያት እሱ ራሱ እንደሚቀር ይታየኛል። «ሸክም ሆነች» ከመባል መውደቅ ይሻላል የሚል ትዕቢት አለብን፤ በእኔ ዕድሜ ያላችሁ ታውቁታላችሁ።

ጉዞው ሦስት ሳምንት ሲቀረው አንድ ጠዋት ጓዳ ውስጥ ጎንበስ ብዬ ባዶ ጄሪካን አነሳሁና ቀና ስል ቤቱ ዞረብኝ። ጠረጴዛውን ያዝኩ። ሲለቀኝ የልጅ ልጄ በሩ ላይ ቆሞ ያየኛል።

«አያቴ፣ አሞሻል?»

«ደህና ነኝ፣ የኔ ጌታ።»

ትንሽ አሰበና «ለአባዬ ልንገረው ወይስ ምስጢር ነው?» አለኝ።

«ምስጢር ነው» ልለው አፌን ከፍቼ ነበር። የአሥር ዓመት ልጅ ነው። በረሃ መሃል ብወድቅ ያን ምስጢር ተሸክሞ የሚኖረው እሱ ነው። ያን ወጣት በቀትር ፀሐይ የሰደድኩት ታወሰኝ። «እኔው እነግረዋለሁ» አልኩት።

ማታ ወረቀቱን ሞልቼ ለልጄ ሰጠሁት። ቆሞ አነበበው። «ነርስ ሆነሽ?» አለ፣ ሌላ ምንም አልጨመረም። ወደ ጋራዡ ሄደ። ጓዳ ሆኜ የሆነ ነገር ሲያነሳና ሲጥል እሰማለሁ። ምራቴ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች፤ «አይዞዎት እማማ፣ ደግ አደረጉ» አለችኝ። እኔ ግን ደግ ያደረግሁ አልመሰለኝም።

በማግሥቱ ራሱ ሐኪም ዘንድ ወሰደኝ። ሐኪሟ ወጣት ናት፣ ግን አዳምጣ ትጠይቃለች። ተኝቼም ቆሜም ግፊቴን ለካችኝ፤ ስቆም ይወርዳል። የኩላሊትና የጨው የደም ምርመራ አዘዘች። ከዚያ ሦስቱን ኪኒኖቼን ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን አስቀመጠቻቸው። እናላፕሪልና የሚያሸናው ኪኒን አብረው ሲወሰዱ ኩላሊት ሊቋቋመው ይችላል፤ አይቡፕሮፌን ሲታከልበት ግን ኩላሊትን በሦስት በኩል ይይዙታል፤ ሰውየው ውሃ ካነሰው ወይም ተቅማጥና ትውከት ከያዘው በቀናት ውስጥ ኩላሊቱ ሥራ ሊያቆም ይችላል። ይህን አንድ ጊዜ ተምሬው ነበር፤ በራሴ ላይ ስሠራው ግን አላየሁትም። ለጉልበት ሕመም አይቡፕሮፌን ወይም ዳይክሎፌናክ ከፋርማሲ እየገዛን የምንውጥ የግፊት ታማሚዎች ስንት እንሆን? አይቡፕሮፌኑን አስቆመችኝ፣ ፓራሲታሞል ውሰጂ አለችኝ፣ የሚያሸናውን መጠን ቀነሰችልኝ። የግፊት መድኃኒቱን በራሴ ፈቃድ እንዳላቋርጥ፣ መንገድ ላይ ተቅማጥ ወይም ትውከት ቢይዘኝ ግን ወዲያው ደውዬ ምን ማድረግ እንዳለብኝ እንድጠይቅ ነገረችኝ። ጥማት በዕድሜ እንደሚደክም፣ ስለዚህ እስኪጠማኝ ሳልጠብቅ ቀኑን ሙሉ ጥቂት ጥቂት እንድጠጣም አለችኝ። ስለ ጉዞው ልጄ ጠየቃት። ካርታውን አይታ፣ ክሊኒክ በጥቂት ሰዓት ከሚደረስበት ቦታ እንዳትርቅ አለች። ሲምፕሰን ቀረ።

የእኔ ሰው «እኔን ትታችሁ ሂዱ» ማለቴ አልቀረም። ከልቤ ነው ያልኩት። ልጄ ግን «ያላንቺ ለምን ብዬ?» አለና ዝም አለ። ጓደኛው ከቤተሰቡና ከሌሎች ሰዎች ጋር ቀኑን ጠብቆ ሄደ። እኛ ገና ሳንነሳ ከበርድስቪል ፎቶ ላከለት፦ ቀይ አሸዋ፣ ባንዲራው፣ ሁሉም እየሳቁ። ልጄ ስልኩን ለረጅም ጊዜ ሲያይ ከሶፋው ላይ ሆኜ አየሁት። የሦስት ዓመት የማታ ፈረቃ ነው። እስካሁን ስለዚያ ፎቶ አላወራንም።

በምትኩ የመረጠው የኡድናዳታን መንገድ ነው። ከማሪ ተነስቶ በዊልያም ክሪክና በኡድናዳታ አድርጎ ማርላ የሚደርስ 620 ኪሎ ሜትር ገደማ ጥርጊያ መንገድ ነው፤ በየ200 ኪሎ ሜትሩ ግድም ሰው ያለበት ሠፈር፣ ናፍታ፣ ውሃ ይገኛል። በረሃ አይደለም ለማለት ግን አትቸኩሉ፤ ኡድናዳታ ላይ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 2 ቀን 1960 የተመዘገበው ሙቀት 50.7 ዲግሪ ነው። መንገዱ ለምን እዚያ እንደሆነ ሳነብ ደስ አለኝ፦ የሚከተለው ከመሬት የሚፈልቁ ምንጮችን ነው። አራባና የሚባሉት የአገሩ ጥንታዊ ነዋሪዎች ምንጮቹን ያውቋቸው ነበር፤ በኋላ የግመል ነጂዎቹ፣ ከዚያ የቴሌግራፍ ሽቦው፣ ከዚያ ባቡሩ እነሱን ተከትለው ሄዱ። «አፍጋኖች» ይባሉ የነበሩት እነዚያ ግመል ነጂዎች ከሕንድና ከአካባቢው አገሮች የመጡ ነበሩ፤ ባቡሩ «ጋን» የተባለው በእነሱ ስም ነው። የተዋቸው ግመሎች ተራብተው ዛሬ ዱር ለዱር ይዞራሉ። ለልጆቹ ይህን ስነግራቸው ልጁ «እንደ አፋር?» አለኝ። አባቱ ነግሮት ኖሯል።

ዝግጅቱ እንደገና ተጀመረ፤ አሁን ቀለለ። ውሃው ለአምስት ሰው በቀን 10 ሊትር ሒሳብ የሦስት ቀን 150 ሊትር ሆነ፤ በየሠፈሩ ይሞላል። የኢንሹራንስ ወረቀቴንም ግፊቴን አሳውቀን አስተካከልን፤ ያለዚያ ብታመም አይከፍሉም ነበር። ዝናብ ከዘነበ መንገዱ ስለሚዘጋ፣ ዝግ መንገድ ላይ የተገኘም ስለሚቀጣ ልጄ በየጠዋቱ የመንገዱን ሁኔታ ያያል።

መጨረሻ ላይ ለቤት ጠባቂ የሚተው ወረቀት ቀረ። ሜልበርን ላለችው የምራቴ እህት የምንሄድበት መንገድ፣ የታርጋ ቁጥራችን፣ የሳተላይት ስልኩና የፖሊስ ቁጥር ተጽፎ ይላካል፤ በየማታው በተወሰነ ሰዓት ካልደወልን ለፖሊስ የምትናገረው እሷ ናት። ጻፊው ተባልኩና ጻፍኩት፦ «በየቀኑ ከምሽቱ 2 ሰዓት።» እህትየዋ ከአገሯ የወጣችው በስድስት ዓመቷ ነው። ደውላ «እማማ፣ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ነው እንዴ የምትደውሉት?» ብላ ጠየቀች። ሁለት ሰዓትን በፈረንጅ አቆጣጠር ወስዳው ነው! በዚያ ላይ ሜልበርንና አደላይድ መካከል የግማሽ ሰዓት ልዩነት አለ። ስድስት ሰዓት ሙሉ ማንም ሳይፈልገን ልንቆይ ነበር። ባሕር ማዶ ልጅ ያላችሁ ሁሉ፣ በሰዓት ነገር ሁለት ጊዜ ተጠያየቁ። «በአደላይድ ሰዓት 20:00» ብዬ እንደገና ጻፍኩ፤ ቀኑንም በፈረንጅ አደረግሁት።

ልጁ ደግሞ ከምራቴ ወረቀቶች አንዱን ወስዶ «የአያቴ ውሃ» ብሎ ጻፈበትና መኪናው ውስጥ ከመቀመጫዬ ፊት ለጠፈው። በጠጣሁ ቁጥር ምልክት ያደርጋል። አንዴ «ጠጥቻለሁ» ብዬው «አላየሁም» አለኝ።

በሐምሌ ሁለተኛ ሳምንት ተነሳን። ማሪ ስንደርስ አስፋልቱ አለቀ፤ ልጄ ከጎማዎቹ ነፋስ ሲቀንስ ልጁ ቁጥሩን እያነበበ፣ ትንሿ እየጻፈች፣ አራቱንም ጨረሱ። ኡድናዳታን አልፈን ወደ ማርላ ስንሄድ ግን የኋላው ጎማ በስለታም ድንጋይ ተቀደደ። ስኮርታው እስኪቀየር ፀሐይ ዘቀዘቀች። ወደ 80 ኪሎ ሜትር ነው የሚቀረን። ያን ያህል ለሾፌር ምንም አይደለም፤ ግን በጨለማ ካንጋሩና ከብት መንገድ ላይ ይወጣል። ልጄ መንገዱን አየ፣ ፀሐይዋን አየ፣ እኔን አየ።

«እዚሁ እናድራለን» አለ። ማንም አልተከራከረም።

ከመንገዱ ወጣ ብለን ድንኳን ተከልን። ብርዱ ሲወርድ ሁለት ሹራብ ደረብኩ። የሳተላይት ስልኩን ልጄ አውጥቶ ሰጠኝ፤ 18:10 ነው፣ ገና ብዙ ጊዜ አለን። ለእህትየዋ ያለንበትን ቁጥር በቁጥር አነበብኩላት፣ ጻፈችው፣ መልሳ አነበበችልኝ፣ አንዱን አሃዝ አስተካከልኩላት። ነገ 10:00 ሰዓት ላይ እንደምንደውል ተነጋገርን፤ የፈረንጁ አሥር ሰዓት መሆኑን ደግማ ጠየቀችኝ፤ ደግሜ አረጋገጥኩላት።

ስልኩን ስዘጋ ልጁ በባትሪ መብራት ወደ መኪናው ሄዶ ወረቀቱንና አንድ ኩባያ ውሃ ይዞ መጣ። እስክጨርሰው ቆሞ አየኝ። ከዚያ ምልክት አደረገ፤ የዚያን ቀን ሰባተኛው ነበር።